«12ኛዋ ምንድን ናት?»

ባለፈው ሳምንት ስለ ሱሪ ማስጠበብ ያጫወትኳችሁን ያነበቡ አንድ አባት «ይኼ ልጅ አሳዳጊ የበደለው ነው» አሉ ብለው ነገሩኝ። ኧረ አባባ! አሳዳጊዬማ ጋዜጣውን ከእርስዎ ቀድማ ነው የምታነበው፤ የፊደል ስህተቴንም የምታርመው እሷ ናት።

ዛሬ ከሱሪ ወደ ጭንቅላት ከፍ እንበል። ጉዳዬ ኩረጃ ነው። «ምን አዲስ ነገር አለው?» እንዳትሉኝ። አዲስ ነገር ባይኖረው ኖሮ እኛ ክፍል ያለች አንዲት ልጅ ሰሞኑን ሰላም የሚላት ሰው ባላጣች ነበር። እሷ ጋ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ግን ሙያው እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳችሁ፤ ወላጆች ካላችሁ ቁጭ በሉ።

የትምህርት ቤታችንን ስም አልጠራም። ከመገናኛ ወደ ቦሌ ስትወርዱ አልፋችሁታል ብዬ ልተወው። ከአያት፣ ከሰሚት፣ ከጎሮ፣ ከኮተቤ የሚመጣው ልጅ ሁሉ ጠዋት መገናኛ ላይ ይራገፋል። ባቡሩ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከአያት ጦር ኃይሎች ይመላለሳል፤ ግን ጠዋት እሱ ውስጥ ደብተር መዘርጋት ቀርቶ እጅን ከኪስ ማውጣትም ፈተና ነው። ስለዚህ የቤት ሥራ የሚሠራው፣ ይቅርታ፣ የሚገለበጠው፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ደብተሩ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ይተላለፋል። አንድ ቀን ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል አንዱ ጓደኛችን ቀና ሳይል «ሒሳብ ጨርሻለሁ፣ አሁን ፊዚክስ ላይ ነኝ» አለው።

የፊዚክስ ቲቸራችን ድሮ የእጅ ጽሑፋችንን አይቶ ማን በየት በኩል እንደመጣ ያውቅ ነበር። ጉድጓድ ላይ የተጻፈ ቀመር ጅራት ያወጣላ! በ2016 ዓ.ም. ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ በኮሪደር ልማት ከታደሰ ወዲህ ግን የልጆቹ ጽሑፍ አማረ። ልማት ማለት ይኼ ነው።

የጂኦግራፊውን ጉድ ደግሞ ስሙኝ። የቤት ሥራው «ኢትዮጵያ ወደ ውጭ የምትልካቸውን ምርቶች ዘርዝሩ» የሚል ነበር። ቀለሜዋ (በየክፍሉ አንድ ቀለሜ አይጠፋም፣ የኛዋ ሴት ናት) ቡና፣ ሰሊጥ፣ አበባ፣ ቆዳ ብላ ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ እናቷ በስልክ ያዘዘቻትን አሰፈረች። ደብተሯ በሦስት ታክሲ ዞሮ ተመለሰ። ቲቸር ሲያርም አሥራ አራት ተማሪ አንድ ዓይነት መልስ ጽፏል፤ ቡና፣ ሰሊጥ፣ አበባ፣ ቆዳ፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ሳሙና። «ሳሙናዋን ለየትኛው አገር ነው የምንሸጣት?» ብሎ ቢጠይቅ አንዱ እጁን አውጥቶ «ለጂቡቲ» አለ። በራስ መተማመን ማለት ይኼ ነው እንግዲህ!

ፈተና ሲመጣ ሙያው ይረቅቃል። አንደኛ አጤሬራ አለላችሁ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ በጉንዳን ፊደል ተጽፎ፣ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ፣ ካልሲ ውስጥ ወይ እስክርቢቶ ቀፎ ውስጥ ይገባል። የሴቶቹን የት እንደሚገባ አልናገርም፤ አሳዳጊዬ ታነባለች ብያችኋለሁ። አንድ ጀለሴ ለባዮሎጂ ፈተና ሁለት ሌሊት ሙሉ አጤሬራ ሲጽፍ አደረ። እየመረጠ፣ እያሳጠረ፣ ካላማረው እየቀደደ። ፈተናው ላይ ታዲያ ወረቀቱን ሳያወጣ ሁሉንም ሠራው። ሲወጣ «ዛሬስ ዕድሌ ቀና» አለ። አጥንቶ እንደነበረ እስከ ዛሬ አልገባውም።

ሁለተኛ ምልክት አለ። ጆሮ መንካት ኤ፣ አፍንጫ ቢ፣ አገጭ ሲ፣ ፀጉር ማከክ ዲ ነው። በዘጠነኛ ክፍል ሰቃዩ ልጅ ጉንፋን ይዞት ፈተና ገባ። መሀረቡን አፍንጫው ላይ እንዳደረገ ሰዓቱ አለቀ፤ ግማሹ ክፍልም ከአንድ እስከ ሠላሳ ያለውን በሙሉ ቢ አጥቁሮ ወጣ።

ሦስተኛው ጥንታዊው ነው፤ ሹክሹክታ። «12ኛዋ ምንድን ናት?» በኢትዮጵያ ተማሪ ታሪክ እንደዚህች የተጠየቀች ጥያቄ ያለች አይመስለኝም። ከፈተናው ጥያቄዎች ሁሉ ትርጉሟን ጠንቅቀን የምናውቃትም እሷን ብቻ ነው። መላሹም ያንሾካሹካል፣ ጠያቂውም ያጠቁራል። ወረቀት ሲሰበሰብ የሁለቱ የፈተና ኮድ የተለያየ ሆኖ ይገኛል። የዚህ 12ኛ የዚያ 31ኛ ናት!

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ነገሩ ስንፍና ብቻ አይደለም። በሃይስኩል ከቋንቋ ትምህርቶቹ በቀር የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ ሰሌዳው እንግሊዝኛ። ቲቸር ሲያስረዳ ግን አማርኛ፣ ቀልዱም አማርኛ። እኛን በደንብ የሚገባን ቀልዱ ነው። ፈተናው ላይ ደግሞ ቀልዱ አይመጣም።

በዚያ ላይ ደረጃ የሚባል በሽታ አለ። ካርድ ተቀብላችሁ ቤት ስትገቡ «ምን ገባህ? ምን አስቸገረህ?» ያለ ወላጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ጎረቤት ስንተኛ፣ ባለሱቁ ስንተኛ፣ ለዓመት በዓል የመጣ አጎት ገና ጫማውን ሳያወልቅ ስንተኛ። ታዲያ አራተኛ መውጣት እየተቻለ ማን ብቻውን ሠርቶ ሠላሳ አንደኛ ይወጣል? አራዳ የተባለው አራተኛው ነው፣ ፋራ የተባለው ሠላሳ አንደኛው ነው።

እስካሁን ስቀናል አይደል? አሁን ደግሞ ሒሳቡን እንይ። የታክሲውን አይደለም።

ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊጀመር ሲል የእንግሊዝኛው ወረቀት ቀድሞ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጣ። ፈተናው ተሰርዞ በሰኔ መጨረሻ እንደገና ተሰጠ። ዓመታት አለፉና ነገሩ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ላይ ተገለበጠ። እነሱ የተፈተኑት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። ተማሪው ከገዛ ትምህርት ቤቱ ወጣ፣ ስልኩን ቤት ጣለ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ እዚያው እያደረ ተፈተነ። ከፊቱ የቆመው ፈታኝም «አይዞህ ልጄ» የሚለው የሰፈሩ ቲቸር አይደለም።

በጥር ውጤቱ ሲወጣ ከ896,520 ተፈታኞች ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ። 3.3 ከመቶ! አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። የ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.2 ከመቶ፣ የ2016ቶቹ 5.4፣ የ2017ቶቹ 8.4 ከመቶ አለፉ።

ፍርድ አናጓድል። የ2014 ልጆች አሥረኛ ክፍል ሳሉ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ ኮሮና ትምህርት ቤት አዘጋባቸው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሰሜኑ ላይ ጦርነት መጣ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ስለቀረ፣ ከስምንተኛ ክፍል እስከ 12ኛ «የቱ ጋ ነው ያለሁት?» ብሎ ራሱን የሚመዝንበት አገር አቀፍ ፈተና አላገኙም። ሁሉም ነገር የኩረጃ ጥፋት ነው የሚል ካለ ሒሳብ አይችልም። ኩረጃ ግን አንድ ነገር አድርጓል፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው ሸፍኖ አቆይቷል።

አስቡት እስቲ። ባለ አራት ምርጫ ፈተና ላይ አንድም ጥያቄ ሳያነብ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ሰው በአማካይ ሩቡን ያገኛል። ከጨፋኙ እስከ ማለፊያው ያለችው ሌላ ሩብ ናት። ያቺን ሩብ ነው እንግዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን ማምጣት ያቃተን።

እኛ ክፍል 60 ልጅ አለ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ 3.3 ከመቶውን ብናሰላው 1.98 ተማሪ መጣ። አንዷ ቀለሜዋ ናት፣ እሱ አላከራከረም። 0.98ቱ ማን ነው? ተጨቃጨቅን፣ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ ሁሉም ሰው ዞሮ የክፍሉን አጭር ልጅ ማየት ጀመረ። እንዴት እንደተናደደ! በ8.4 ብናሰላውም አምስት ሰው ቢሆን ነው። አዲስ አበባ ከአገሩ አማካይ የተሻለ ውጤት እንደምታመጣ እናውቃለን፤ ቢሆንም ያን ቀን ሳቁ ቶሎ አለቀ። ዘንድሮ ተፈታኞቹ እኛ ነና።

አሁን ወደ ልጅቷ እንምጣ። ሰሞኑን ሞዴል ፈተና ነበር። እንደ ወጉ ከኋላ «12ኛዋ ምንድን ናት?» ተባለች። ቀለሜዋ አልዞረችም። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ወንበሯ በእግር ተገፋ። ወረቀቷን በክንዷ ከለለችና ሥራዋን ቀጠለች። ያችን ክንድ እስከ ዛሬ ይቅር ያላት የለም። «ስስታም» ተባለች። «ብቻዋን ልታልፍ» ተባለች። ሚኒ ሚዲያው በእረፍት ሰዓት «ክንዷ ለተቆለፈባት እህታችን» ብሎ ዘፈን ጋበዛት። እኛ ምሳ ዕቃችንን ከፍተን ስድስት ሰባት ሆነን ነው የምንበላው፤ ለሷ ቦታ ጠፋ። አንዱ ደግሞ ዴስኳ ላይ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብሎ ጻፈባት። ተረቱን እንኳ ሳይኮርጅ የጻፈው ይመስለኛል፤ ሁለት ፊደል ስቷል።

እኔ ወሬ ስለምወድ ከትምህርት በኋላ እርጥብ የሚሸጥበት ጋ አገኘኋትና «ለምን?» አልኳት። መጀመሪያ ዝም አለች። ቺፕሱን በዳቦው ስትጠቀልል ቆይታ ስለ ወንድሟ ነገረችኝ።

«ወንድሜ ከሦስተኛ ወርዶ አያውቅም» አለች። «ካርዱን እናቴ ግድግዳ ላይ ነበር የምትለጥፈው። ጓደኞቹ ጋ ይዋደዳሉ። አንዱ ሒሳብ ይሠራል፣ አንዱ እንግሊዝኛ፣ እሱ ሒስትሪ፤ ፈተና ላይ ይለዋወጣሉ። በጥቅምት 2015 ሻንጣውን ይዞ ግቢ ገባ። ወረቀቱ ሲሰጠው ዞር ብሎ አየ፤ የሚያውቀው ሰው የለም። በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ተፈተንኩ ነው የሚለው።»

«ውጤቱስ?»

«ሌሊት በስልክ አይቶታል። ጠዋት እናቴ ስትጠይቀው ‹ኔትወርክ የለም› አላት። በማግስቱም ‹ኔትወርክ የለም›። ሦስት ቀን ሙሉ ኔትወርክ የለም። በአራተኛው ቀን እናቴ ካርዶቹን ከግድግዳው ላይ አነሣቻቸው። ምንም አላለችውም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።»

ሬሜዲያል የሚባለውም፣ ማለትም ማለፊያውን ሳያገኙ መቁረጫ ነጥቡን የደረሱ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለወራት የሚማሩት፣ እሱም አልቀናውም። አሁን ሞባይል ይጠግናል። ጎበዝ ጠጋኝ ነው አለችኝ። «ስልክ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፤ ኩረጃ አይቀበልም» ይላታል። ከጓደኞቹ ጋር ዛሬም ይገናኛል፤ ስለ ፈተናው ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

«እና እኔ» አለች ቀለሜዋ፣ «ዛሬ ብከለክላቸው ሰኔ ድረስ ይጠሉኛል። ዛሬ ባስኮርጃቸው ግን እንደ ወንድሜ ቤታቸው ተቀምጠው ኔትወርክ የለም ሲሉ ይታየኛል። ይጥሉኝ፤ ከሁለቱ ይኼ ይቀለኛል።»

ጨዋታ አዋቂ ነኝ ባይ ነኝ፤ እዚያ ላይ ግን የምለው ጠፋኝ። እርጥቤን በላሁ።

ቤት ገብቼ ሳስበው ልጅቷን ስስታም ያልናት ያለ ነገር ነው። ደብተሯን ሦስት ታክሲ ያዞረች ልጅ ስስታም ናት? ያልሰጠችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያውቃሉ የሚያስብለንን የውሸት ቁጥር። ማስኮረጅ እኮ ለጓደኛ ማበደር አይደለም። ያበደርከው ብር እጁ ላይ ይቀራል፤ ያስኮረጅከው መልስ ግን ከፈተናው ክፍል በር አያልፍም።

የምጽፈው ምክር ገጽ ላይ ስለሆነ ሳልመክር ብለቅ አዘጋጆቹ ይቆጡኛል። ስለዚህ ላማችሁም ላስኮረጃችሁም ጥቂት ልበል።

ለኮራጆች፦ «ደብተርሽን አውሺኝ» የምትሏትን ነገር «ይቺን አስረጂኝ» በሉበት። አንድ ቃል ነው የሚለወጠው። ያስረዳችሁን ነገር ፈተናው ላይ ማንም ፈታኝ ፈትሾ አይወስድባችሁም፤ ካልሲ አያስፈልገውም።

አጤሬራም ጻፉ። ቀልዴን አይደለም፣ ጻፉ! ምዕራፉን በመዳፍ በምታክል ወረቀት ላይ እስኪያልቅ አሳጥሩት። ከዚያ ወረቀቱን ቤት ትታችሁ ሂዱ። የጀለሴ ምሥጢር ይኼው ነው፤ እሱ ብቻ አላወቀውም።

በሳምንት አንድ ቀን ያለፉ ዓመታት ፈተና አውጡና ስልክ አጥፍታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ብቻችሁን ሥሩ። 28 ከመቶ ብታመጡ አትደንግጡ። የራሳችሁ 28 የት የት እንደሳታችሁ ይነግራችኋል። የተኮረጀ 85 ግን አንዲት ነገር አይነግራችሁም፤ እንደ ሐሰተኛ ወዳጅ «ጎበዝ ነህ» ብቻ ይላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መፈተን ጀምረዋል፤ እዚያ ደግሞ የምታዩት የራሳችሁን ስክሪን ነው። ስክሪን ክንድ የለውም ብላችሁ ተስፋ እንዳታደርጉ!

ለቀለሜዎች፦ «አላስኮርጅም» የሚለውን በፈተናው ሰዓት በክንድ ከመናገር ከሳምንት በፊት በአፍ ተናገሩት። «ፈተና ላይ አትጥሩኝ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ግማሽ ሰዓት አለኝ፣ ያልገባችሁን ይዛችሁ ኑ» በሉ። በዚያም የሚያኮርፍ ካለ የሚፈልገው ቀኝ እጃችሁን እንጂ እናንተን አይደለም። እናንተም እኮ ታተርፋላችሁ፤ ያስረዱት ነገር አይረሳም።

ለወላጆች፦ ስንተኛ ወጣህ የምትለዋን ጥያቄ ለአንድ ሴሚስተር ጾም አሳድሯት። «የቱ አልገባህም?» በሉን። መጀመሪያ እንደነግጣለን፣ ታማችሁ ይመስለናል፤ ቀስ እያልን እንለምዳለን።

ሐሙስ ዕለት ምን ሆነ መሰላችሁ? ምሳ ሰዓት ላይ እኔና ሁለት ልጆች ምሳ ዕቃችንን ይዘን ቀለሜዋ አጠገብ ተቀመጥን። ትንሽ ቆይቶ አጭሩ ልጅ የሒሳብ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጣ። «0.98 እኔ እንደሆንኩ ላረጋግጥ ነው» አለና ሽሮው ላይ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ደብተሩን ገልጦ አንዲት ጥያቄ አሳያት። 12ኛዋ ነበረች። መልሷን አልነገረችውም፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ እንዴት እንደምትሠራ አሳየችው። ደውል ሲደወል ሽሮውም ጥያቄዋም አልቀዋል።

ሳምንት ስለ ወላጅ አምጣና በመቶ ብር ስለሚከራዩ አጎቶች አወራችኋለሁ። እስከዚያው ቸር ያገናኘን፤ ክንዳችሁም ይክረም!